የሳማ ክረምት

ሰኔ ሲጠባ ነው የገባሁት መንዝ፣
ባንድ እጄ የቤት ቁልፍ፣ ባንዱ ማጭድ ደነዝ።
ከመሐል ሜዳ በእግር የሁለት ሰዓት መንገድ፣
ጉም ቀድሞኝ ሲወጣ፣ ጉም ቀድሞኝ ሲወርድ።
ሃያ ስድስት ዓመት ደብረ ብርሃን
ብርድ ልብስ ስጠቀልል ለሌላ ሰው ጎን፣
የኛ ቤት ጀርባውን ለብርድ ሰጥቶ ኖሯል፤
አባቴ ከሞተ ስድስት ክረምት አልፏል።

ቁልፉ አላስፈለገም።
በሩ ባንድ ማጠፊያ ብቻ ተንጠልጥሎ፣
ሳማ ደጅ ላይ ቆሟል ቁመቴን አክሎ፣
«ማን ልበል?» ይለኛል የቤት ጌታ መስሎ።
ሙጃው ካቡን ውጦ፣
ቱልት ከበረቱ፣ ኮሸሽላ ከጎተራው ሥር ተቀምጦ፣
ጌሾዋ ብቻዋን ቀጋ ውስጥ ተይዛ፣
አንድ ቅጠል አውጥታ ታያለች ተክዛ።

ጋሽ ይፍሩ ጎረቤት፣ ካቡን ተደግፎ፣
አየኝ፣ አየኝና፣ ሳቁን ባፉ አቅፎ፣
«ከሥሩ ነው ልጄ! አናት አናቱን ካልሽው፣
ፀጉሩን አስተካክለሽ ለበዓል ሰደድሽው።»

እውነቱን ነው።
ሰኞ ያጨድኩት ሣር፣ ሰኞ በሳምንቱ፣
ጤዛውን ተሸክሞ ቆሟል በጉልበቱ።
እጄ ውሃ ቋጠረ፣ ፈነዳ፣ ደደረ፤
ማጭዱም ድንጋይ ላይ ተፋጭቶ ተማረ።

ቦይ ስቆፍር ከላይ፣ ጎርፍ ቤቱን እንዲዞር፣
ዶማዬ ካንድ ነገር ተጋጨ ካፈር ሥር፤
ያባቴ ራዲዮ። ጉንዳን ሰፍሮበታል።
መልሼ ቀበርኩት፤ ነዋሪ አግኝቷል።

ሐምሌን እንደ እንግዳ መቁጠር ይሻላል፣
ሳያንኳኳ ገብቶ መደብ ላይ ይተኛል።
ጣራው ላይ ቀዳዳ፣ ቀዳዳው ላይ ሰማይ፤
«ጓሳ በጋ ይምጣ፣ አሁን ከየት ላይ?»
አለና ጋሽ ይፍሩ፣ ሰማያዊ ሸራ
ከልጁ ሱቅ አምጥቶ ወጣ ከኔ ጋራ።
እሱ ስልሳ ስምንት፣ እኔ ሃምሳ ሰባት፣
ሸራ ስንወጥር ጉም መሐላችን ገባ፣ ተጠፋፋን ጣራ ላይ በድንገት።
«አለሽ?»
«አለሁ። ጋሼስ?»
«እኔን ተዪኝ፣ ገመዱን አጥብቂ!»

ከዚያ ቀጋውን ነቀልኩት፣ ሦስት ቀን ቆፍሬ፣
ክንዴ ተቧጭሮ፣ እንደ ጀግና ኮርቼ አድሬ።
በማግስቱ ሌሊት ድም! አለ። ዝናቡ
አልነበረም ጥፋቱ፤ ወደቀ ካቡ።
ለካስ ያ እሾሃም፣ በየድንጋዩ መሐል ጣቱን አስገብቶ፣
ካቡን አቅፎት ኖሯል ስድስት ክረምት ነቅቶ።
ስለ ድንጋይ አልቅሼ አላውቅም። አለቀስኩ።
ከዚያ አንድ በአንድ፣ ጭቃ ለብሼ፣ ደረደርኩ።

ፍልሰታ ሲገባ፣ ይርገዱ፣ ምራቱ፣
ለጋ ለጋ ሳማ ቀንጥባ ከበረቱ፣
ገብስ ዱቄት ነስንሳ፣ ነጭ ሽንኩርት ጥላ፣
«ያቃጠለሽን ብይው፤ ቂም እንዲህ ነው የሚበላ!»
በላሁት። ጣፈጠኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ
ያንን ጥግ አላጭድም፤ ይኑር እንዲሁ እንዲህ።

ወንድሜ ዘርጋው ከአዳማ ደውሎ፣
«ግቢው አለቀ ወይ?» ይለኛል ቸኩሎ።
ምን ብዬ ልመልስ?
«በቀለ» እለዋለሁ።
ይስቃል። የምሬን መሆኑን እኔ ብቻ አውቃለሁ።

ጳጉሜን ላይ ነን ዛሬ። ጎመኑ ሦስት መደብ፤
ጌሾዋ ተፍታታለች፤ ቦዩ ይዟል አደብ።
አንዲት ዶሮ ገዛሁ፤ ሙጃ ውስጥ ትተኛለች፣
እንቁላሏን ደብቃ ስፈልግ ታስለፋኛለች።
ሸራው ይርገበገባል ነፋስ በመጣ ቁጥር፤
ገመዱን አጠብቅና እገባለሁ። ከበሩ ሥር
ዛሬ አይቼ ያለፍኳት አንዲት ሰርዶ አለች፣
እስከ ነገ ጠዋት ሦስት ትሆናለች።